እንደራሴን ስለ መምረጥ፤ ወሎና የ1909 ዓ.ም. የዙፋን ጥምረት

ከደሴ ወደ ሸዋ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ቆላው ሲገባ፥ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ ሜዳ ጨፋ ይባላል። ስሙ ጨፌ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋራ የሚዛመድ ይመስላል፤ ጨፌ ለምለምና ረግረጋማ መስክ ማለት ነው። በገዳ ሥርዓት ዘንድ ደግሞ ይኸው ቃል ሕግ የሚነገርበትን የሸንጎ ጉባኤ ያመለክታል። ጨፋ ሮቢትም ስሟን ያገኘችው ከረቡዕ ገበያ ነው። በበጋ ጊዜ ሣርና ውሃ ፍለጋ ከአፋር ምድር የሚመጣው ከብት፥ የአርጎባ ነጋዴ፥ የኦሮሞ ገበሬና ከደጋ የሚወርደው አማራ በዚህ ሜዳ ይገናኛሉ። ዛሬ አገሩ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ በደዋ ጨፋ ወረዳ ይቆጠራል፤ የዞኑም ከተማ ከሚሴ ነው።

ስለ ዙፋንና ስለ እንደራሴ በሚናገር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ስለ አንድ ቆላ ማውሳት ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሸዋን ከወሎ የሚያገናኙት ዋና መንገዶች አንዱ በደጋው በወረ ኢሉ በኩል፥ ሌላው በቆላው በዚህ በጨፋ በኩል የሚያልፉ ናቸው። በሸዋ ተቀምጦ ወደ ሰሜን ለመዝለቅ የሚያስብ ንጉሥ ሁሉ፥ ወይም በደሴ ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ የሚመለከት ገዢ ሁሉ፥ በመካከሉ ያለውን ሕዝብ ምን አድርጎ እንደሚይዘው አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ይህም ሕዝብ በሃይማኖት እስላምና ክርስቲያን፥ በቋንቋም ከአንድ በላይ ነው። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ «ከንጉሡ ቀጥሎ ማን ይቀመጥ» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር፥ ወሎ ወይ በመልሱ ውስጥ ተጠቅሶ ወይ ሆን ተብሎ ከመልሱ ተገፍቶ እናገኘዋለን።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ በምርጫ ዘመቻ ጊዜ የሚነሣ ነው። ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚወዳደር ሰው አብሮት የሚመረጥ ምክትል ያቀርባል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕገ መንግሥት በመጀመሪያ ሲጻፍ እንዲህ አላሰበም ነበር፤ በድምፅ ሁለተኛ የወጣው ሰው ምክትል እንዲሆን ነበር የደነገገው። በዚህ ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1796 በተደረገው ምርጫ ጆን አዳምስ ፕሬዚዳንት፥ ተቃዋሚያቸው ቶማስ ጀፈርሰን ምክትል ሆኑ። ይህ የማይመች መሆኑ ስለ ታየ እ.ኤ.አ. በ1804 በጸደቀው ማሻሻያ ሁለቱ ለየብቻ እንዲመረጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ምክትልን መምረጥ የጉድለት ሒሳብ ሆነ፤ ዋናው እጩ የሌለውን አገር፥ የሌለውን ወገን፥ የሌለውን ዕድሜ ወይም ልምድ ምክትሉ እንዲያሟላለት ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1864 አብርሃም ሊንከን በጦርነቱ መካከል የደቡብ ሰውና የተቃራኒው ፓርቲ አባል የነበሩትን የቴነሲውን አንድሩ ጆንሰንን፥ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ የማሳቹሴትሱ ጆን ኬኔዲ የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰንን የመረጡት በዚህ ሒሳብ ነው። ሁለቱም መሪዎች ተገድለው ሁለቱም ምክትሎች ወንበሩን መውረሳቸውን ስናስብ፥ ሒሳቡን ያሰሉት ሰዎች የምርጫውን ቀን እንጂ ከምርጫው በኋላ የሚመጣውን ቀን ብዙ እንዳላሰቡበት እንገነዘባለን። የመጀመሪያው ጆንሰን ከምክር ቤቱ ጋራ ተጣልተው ለክስ ቀርበዋል።

በእኛ አገር የሕዝብ ድምፅ ባልነበረበት ዘመን ድምፁ የመኳንንቱ፥ የጦር አለቆቹና የቤተ ክህነቱ ነበር። ቢሆንም ሒሳቡ ያው ነው። እንዲያውም ሁለተኛውን ሰው ከሁለት ወገን የማቆም ልማድ በአገራችን ጥንታዊ ነው። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ብሕት ወደድ የሚባለው ታላቅ ሹመት የቀኝና የግራ ተብሎ ለሁለት ሰዎች ይሰጥ ነበር፤ አንዱ ከንጉሡ ጋራ ሲቀመጥ ሁለተኛው ጦሩን ይዞ ይዘምታል። ንጉሡ ለአንድ ሰው ብቻ ሁሉን ቢሰጥ ምን እንደሚያስከትል ያውቅ ነበርና።

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ሿሚው ስለ ተሿሚው ሲናገር «እርሱ እንደ እኔ ነው» ይላል። በቃሉ ውስጥ መተማመንና አደጋ አብረው አሉ። እንደ እኔ የሆነ ሰው የእኔን ሥራ ሊሠራልኝ ይችላል፤ እንደ እኔ የሆነ ሰው ግን እኔ ሳልኖርም ሊኖር ይችላል። ምክትል የሚለው ዘመናዊ አጠራር ይህን ሁለተኛ ትርጉም ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ወሎ እንግባ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ከታረቁ በኋላ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሆነ። በታሪክ ጸሓፊዎች ዘንድ ይህ ጉባኤ ብዙውን ጊዜ በሃይማኖት ክርክሩ ይታወሳል። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ከጉባኤው ጋራ የተከተለው የወሎ ኢማሞች ጥምቀት ነው። የወረ ሂማኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ ተፎካካሪያቸው ኢማም አመዴ ሊበን፥ አባ ዋጠው የሚባሉት፥ ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ንጉሥ ምኒልክ ሆኑ። እንግዲህ ሁለቱ ነገሥታት በአንድ አገር ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው አቆሙ ማለት ነው። የጸበሉ ሥርዓት የፖለቲካ ውል ሆነ።

ከእምባቦ ጦርነት በኋላ፥ በ1875 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ ወሎን ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ፤ አርአያ ሥላሴም የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። ሙሽራዪቱ ገና ስድስት ዓመት ያህል ነበረች። ይህች ሕፃን ከሠላሳ አራት ዓመት ያህል በኋላ ንግሥተ ነገሥታት እንደምትሆን የገመተ አልነበረም። እናቷም የወሎ ወይዘሮ ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ራስ ሚካኤል ወደ ምኒልክ ወገን ተመለሱ፤ የምኒልክንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የሄደው ሠራዊት እንዲከትት የታዘዘው በወረ ኢሉ ነበር፤ የወሎ ፈረሰኛም በራስ ሚካኤል ሥር ዘመተ። ከሸዋረጋና ከሚካኤል ጋብቻ ኢያሱ ተወለዱ። ስለዚህ ኢያሱ በአባታቸው የወሎ ኢማሞች፥ በእናታቸው የሸዋ ነገሥታት ዘር ናቸው።

ምኒልክ ወራሽ ይሆናሉ ተብለው በብዙዎች ይታሰቡ የነበሩት የሐረሩ ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱም ታመሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ ሞግዚታቸውም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሆኑ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥምረት እናያለን፤ ከላይ የደምና የወሎ ትስስር ያለው ልጅ፥ ከጎኑ የሸዋ ጦር አለቃ። ራስ ተሰማ ኢሉባቦርን ያቀኑና የሚያስተዳድሩ፥ ልምዳቸው የከበደ ሰው ነበሩ። በራሳቸው ዙፋን የሚያስመኝ የዘር ሐረግ ስለሌላቸው ግን ለልጁ አያሰጉም ተብሎ ታሰበ። ምርጫው ብልህ ነበር፤ ወሎ ወደ ዙፋኑ ገባ፥ የዙፋኑ ቁልፍ ግን በሸዋ ሰው እጅ ቀረ።

እቴጌ ጣይቱ ደግሞ የራሳቸው ሒሳብ ነበራቸው። በዚያው በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ የዐፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ፥ የራስ መንገሻን ልጅ ሮማነወርቅን እንዲያገቡ ሆነ፤ እርሷ በእናቷ በኩል የጣይቱ ወገን ናት። በዚህ ጋብቻ ትግራይና ስሜን ወደ ጥምረቱ ሊገቡ ነበር። የሸዋ መኳንንት ግን ይህን አልወደዱትም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ፤ ጋብቻውም ፈረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የአንድ ልጅ ትዳር ሁለት ጊዜ መለወጡ፥ ትዳሩ የማን ጉዳይ እንደ ነበረ ያሳያል።

ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። በእኔ አስተያየት የኢያሱ ዕጣ የተወሰነው በ1909 ዓ.ም. መስቀል ዕለት ሳይሆን በዚህ ቀን ነው። ጥምረቱ አንድ ክንፉ ተሰበረ፤ ሌላ ሞግዚት አልተተካም፤ ወጣቱ ራሳቸውን ችለው መግዛት ጀመሩ። ሥልጣናቸውን ለመደገፍ የፈለጉት ግን በሌላ ወገን ሰው ሳይሆን በአባታቸው ነበር። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፥ በግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስሙ «አይጠየፍ» የሚባለው የግብር አዳራሻቸውም በዚያች ከተማ ነው፤ ማንንም የማይጸየፍ ማለት ነው፤ ድኻውም ጌታውም የሚበላበት እንደ ሆነ ለማመልከት።

ይህ ሁለተኛው ጥምረት ነው፤ ልጅ በአዲስ አበባ፥ አባት በደሴ። አስቀድመን ስለ ጉድለት ሒሳብ የተናገርነውን ብናስታውስ፥ ስሕተቱ ግልጽ ይሆናል። ኢያሱ የጎደላቸው የወሎ ድጋፍ አልነበረም፤ እርሱ በደማቸው አለ። የጎደላቸው የሸዋ መተማመን ነበር። ሁለተኛው ሰው ግን ያለውን ያባዛ እንጂ የጎደለውን አላሟላም። በቅርብ ዘመን ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ምርጫ እስላሙ ቦላ ቲኑቡ ሌላውን እስላም ካሺም ሸቲማን ምክትል አድርገው በማቅረባቸው በክርስቲያኖች ዘንድ ብዙ ቅሬታ መነሣቱ ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል፤ ቲኑቡ ግን ሸቲማን የመረጡት ከደቡብ ሰው ሆነው ሰሜንን ለማግኘት ነበርና ቢያንስ በአንድ በኩል ጉድለት አሟልተዋል፤ አሸነፉም። ኢያሱ በየትኛውም በኩል አላሟሉም።

በመካከሉ ኢያሱ ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር፤ እርሱም ጋብቻ ነው። በሐምሌ 1903 ዓ.ም. የእኅታቸው የወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ መነን አስፋው የራስ መኮንንን ልጅ ደጃዝማች ተፈሪን አገቡ። መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የራስ ልዑል ሰገድ ሚስት ነበሩ፤ ኢያሱ ያንን ትዳር አስፈርሰው ነው ለተፈሪ የዳሩአቸው። ሐረርን በወሎ ደም ለማሰር የታሰበ ይመስላል። ልዑል ሰገድ ከአምስት ዓመት በኋላ ከወሎ ጦር ጋራ ተዋግተው ሞቱ፤ ተፈሪ ደግሞ የሚስታቸውን አጎት ከዙፋን ካወረዱት ዋናዎች አንዱ ሆኑ። የጋብቻ ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገን ጥቅም እስካየበት ድረስ ብቻ ነው። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር ሽረው ወደ ከፋ ሲያዛውሯቸው ያ ጥቅም አለቀ።

በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፥ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሻሯቸው። ክሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞችም ከጥቂት ቀናት በፊት ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቅርበው ነበር። አባ ማቴዎስ ግዝቱን ለመስጠት ቢያመነቱም በመጨረሻ ተስማሙ። ኢያሱ ሃይማኖታቸውን በእውነት ለውጠው እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። የቆላው እስላም በዙፋኑ ዙሪያ ቦታ እንዲኖረው መፈለጋቸው ግን አያከራክርም። ክሱ የሸዋን መኳንንት ለማስተባበር የረዳውም የደሴው ንጉሥ ከአርባ ዓመት በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደ ነበር ሁሉም ያስታውስ ስለ ነበረ ነው።

በዚያው ዕለት ሦስተኛው ጥምረት ተሠራ። የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። አንባቢ ይህን ጥምረት በጥንቃቄ እንዲመለከተው እለምናለሁ፤ በአገራችን ታሪክ ውስጥ «አብሮ የሚመረጥ ምክትል» ለሚባለው ነገር ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አላውቅምና።

ዘውዲቱ የሚሰጡት የአባታቸውን ስም ነው። በዚያን ጊዜ አርባ ዓመታቸው ነበር፤ ኢያሱ ወደ ፋሌ አግዘዋቸው ስለ ነበር ከሕዝብ ዘንድ ኀዘኔታ አግኝተዋል። የሚጎድላቸው ግን ብዙ ነው፤ ልጅ የላቸውም፥ የመንግሥት ሥራ አልለመዱም፥ ሴት መሆናቸውም በመኳንንቱ ዓይን እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸውና፥ እርሳቸው ከመጡ የጣይቱ ወገን ተመልሶ ይገባል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ ጉግሣም በበጌምድር ቀሩ። አንዲት ሴት ዘውድ እንድትጭን ትዳሯን እንድትተው መጠየቁ በምክር ቤቱ ውስጥ ምንም ክርክር እንዳላስነሣ ሳስብ ይደንቀኛል።

ተፈሪ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናቸው። አያታቸው ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለሆኑ የዘር ሐረጉ አላቸው። የአባታቸውን የራስ መኮንንን ስም፥ የሐረርን ሰውና የውጭ አገር ቋንቋ ይዘው መጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሌላቸው ነገር ነበር፤ በአዲስ አበባ የሚበረታ ጦር አልነበራቸውም። እውነተኛው ጦር በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እጅ ነበር፤ እርሳቸውም ከጨቦ የተገኙ፥ በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ስለሆኑ ዙፋን አይመኙም። እንዲህ ሆኖ ሥልጣኑ በሦስት ተከፈለ፤ ስሙ ለንግሥቲቱ፥ ሥራው ለእንደራሴው፥ ጦሩ ለፊታውራሪው። ተፈሪ የተመረጡት ጠንካራ በመሆናቸው ሳይሆን ደካማ መስለው በመታየታቸው ነው ማለት ይቻላል። ሌላው የሣህለ ሥላሴ ዘር ካሣ ኃይሉ በዕድሜም በአገርም የበለጡ ነበሩ፤ የበለጠ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይመረጥም።

ከላይ በልብ ይያዝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል። ዘውዲቱ በእናታቸው ወሎ ናቸው፤ የመጀመሪያ ባላቸውም ወሎን ይገዙ ነበር። ተፈሪ በሚስታቸው የንጉሥ ሚካኤል ቤተሰብ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊም ትውልዳቸው ከወረ ኢሉ ወገን ነው። በወረቀት ላይ ቢታይ ከዚህ የበለጠ ወሎን ያቀፈ ጥምረት አይገኝም። ነገር ግን የደም ሐረግ አንድ ነገር ነው፤ በሸንጎ የሚናገር ሰው ሌላ ነገር ነው። ስለ ወሎ የሚናገር አንድም ሰው በዚያ ቀን በአዲስ አበባ አልነበረም። ይልቁንም ጥምረቱ የተሠራው ወሎን ለመከላከል ነበር።

የተከተለው የሚታወቅ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ፤ በጥቅምት 9 ቀን 1909 ዓ.ም. በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሉ። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ በቶሎ አልገሠገሡም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የኢያሱ ወዳጅ መስለው በመልእክት እንዳዘናጓቸው ይተረካል። በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ውጊያ ሆኖ የወሎ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም በእስር ሳሉ አረፉ። ኢያሱ በመቅደላና በአፋር በረሃ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። ከሁለቱም ወገን በሰገሌ ሜዳ የቀረው ሰው ብዙ ሺሕ ነው። የአንድን ጥምረት ዋጋ ለመተመን የሚፈልግ ሰው ከዘውዱ በዓል ይልቅ ይህን ሜዳ ቢመለከት ይሻላል፤ የዘውዲቱ ንግሥ የሆነው ከዚህ በኋላ በየካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው።

ደካማ መስለው የተመረጡት እንደራሴስ ምን ሆኑ? መኳንንቱ ንግሥቲቱና እንደራሴው እርስ በርሳቸው ተጠባብቀው ይኖራሉ፥ እኛም በመካከል እንኖራለን ብለው ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል እንዲሁ ሆነ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ከሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሲሻሩ፥ ቦታው ለእንደራሴው ሰፋ። የውጭ ጉዳይ በእንደራሴው እጅ ነበር፤ መኳንንቱ ይህን እንደ ትንሽ ሥራ ቆጥረውት ይመስላል፤ ተፈሪ ግን በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወደ መንግሥታት ማኅበር አስገቡ። በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አብረው ወሰዱ። ይህ የክብር ጉዞ ብቻ አልነበረም፤ ተፎካካሪን ከኋላ ትቶ ባሕር ከመሻገር ይዞ መሻገር ይሻላልና። በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲሞቱ የሦስትዮሹ ሚዛን ፈረሰ። በመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እንደራሴው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። «እንደ ራሴ» የተባለው ሰው ራሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ሰዎች መግለጫውን በአልጋ ወራሹ በአስፋ ወሰን ድምፅ አስነበቡ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ እኒሁኑ ልዑል ለስም ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ አወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ሲቋቋም የምክትል ፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ለፍሥሐ ደስታ ተሰጠ። እርሳቸው የትግራይ ተወላጅ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ጦርነቱ በትግራይ እንደ ነበረ ስናስታውስ የሹመቱ ሐሳብ አይሰወርም፤ ጦርነቱን ግን አላስቀረም። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት የለውም፤ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ግን አለው። ከደቡብ ድርጅት የመጡት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ2003 ዓ.ም. ወደዚህ ቦታ ሲመጡ፥ ብዙ ሰው ሹመቱን እንደ ሚዛን መጠበቂያ ነበር የተመለከተው፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ሚዛን መጠበቂያው ዋናውን ወንበር ወረሰ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ተቃራኒውን አሳይታለች፤ ዊሊያም ሩቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የኬንያ ተራራን አካባቢ ድምፅ ለማግኘት ሪጋቲ ጋቻጓን መርጠው አሸነፉ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ምክትሉ በሴኔት ድምፅ ከሥልጣን ተወገዱ።

ወደ ወሎ ልመለስ። አሸናፊዎቹ ከሰገሌ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀርቶባቸው ነበር፤ ይህን ሰፊ አገር፥ ከቦርከና ሜዳ እስከ በሽሎ ድረስ፥ በማን ስም ይግዙት? ከንጉሥ ሚካኤል ውድቀት በኋላ የሸዋ ሹሞች እየተፈራረቁ ገዙት፤ አገሩ ግን በሸዋ ሹም ሥር በፈቃዱ አላደረም። በጥር 1923 ዓ.ም. አዲሱ ንጉሠ ነገሥት የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አደረጓቸው፤ ወሎንም ሰጧቸው። ልዑሉ የወይዘሮ መነን ልጅ ናቸውና የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው፤ የወሎ ሰው ለሚያከብረው ደም ባዕድ አይደሉም። የተሰጣቸው ማዕረግ ግን መርዕድ አዝማች የሚባለው ነው፤ ይህም ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ከመባላቸው አስቀድሞ የሸዋ ገዢዎች ይጠሩበት የነበረ ማዕረግ ነው። ስማቸውም አስፋ ወሰን፥ የሣህለ ሥላሴ አያት የነበሩት የሸዋው መርዕድ አዝማች ስም ነው። ደሙ የሚካኤል፥ ስሙና ማዕረጉ የሸዋ ሆኖ፥ ልዑሉ በደሴ ተቀመጡ።